ከአንገት ወደ ገበታ

ሮቢት የደረስኩት ማሽላው እሸትነቱን ጨርሶ ራሱን ባዘነበለበት ሰሞን ነው። ከወልድያ ተነስቶ አላውሃን የተሻገረ፣ ጎብዬን ያለፈ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የሚያርፈው ሜዳ ላይ ነው። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል፣ በመካከል የራያ ቆላ። በየማሳው መሀል ከእንጨት የተሠራ ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ አለ፤ ግሪሳ ሲመጣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ያስወነጭፋል፣ የጎረቤቱ ማማም ይቀበለዋል።

ያረፍኩበት ቤት እናት ወተት በቅል ይዘው መጡ። «እንካ ልጄ፣ አብሽር፣ ጠጣ» አሉኝ። ቅሉ በወይራ ጭስ በደንብ ስለታጠነ ወተቱ ከንፈር ሳይነካ ሽታው ይቀድማል። ምሳ ሲቀርብ መሶቡ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ እንጀራው የነጭ ማሽላ፣ ወጡ ከሸክላ ድስት የወጣ ነበር። ምሰሶው ላይ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለበት የቀንድ ዋንጫ ተሰቅሏል። የፕላስቲኩ ጆግና ከሱቅ የተገዛው ትሪ ባይኖሩ፣ በዚያ ገበታ ዙሪያ ከሣር፣ ከአፈር፣ ከሐረግና ከከብት ያልመጣ ዕቃ አይገኝም። ብርም በቤቱ ውስጥ ነበር። የነበረው ግን እናትየው አንገት ላይ፣ በጥቁር ክር በተሰካው ድሪ ውስጥ ነው።

ይህን የማነሳው ስለ ገበታ ብር ልጽፍ ነው። በሌላው ዓለም የእጅ ሥራ የብር ዕቃ፣ ማለትም ማንኪያው፣ ጽዋው፣ ሳህኑ፣ የጨው ማስቀመጫው፣ ዛሬ ከተፈጥሮ ቅርጽ እየቀዳ እንደገና እየለመለመ ነው። ቅጠል የሚመስል ሳህን፣ የውሃ ሞገድ የሚመስል ጽዋ፣ ፍሬ የያዘ የማንኪያ እጀታ ይሠራል፣ ይሸጣል፣ በሙዚየም ይቀመጣል። እኛ ዘንድ አንጥረኛው አለ፣ ብሩ አለ፣ ተፈጥሮውም ከነስሙ የሚታወቅ አለ። ሦስቱ ገበታ ላይ የተገናኙት ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። መገናኘት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ከእነዚያ ጥቂት ጊዜያት በአንዱ የተሠራ ዕቃ ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ከመቅደላ ተዘርፎ ሄዶ፣ በቅርቡ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ብር ለምን አንገት ላይ ቀረ?

አንዱ ምክንያት አበላላችን ነው። ከአንድ መሶብ በእጅ የሚበላ ሰው ሹካና ቢላ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሳህን አይፈልግም። የገበታችን ጌጥ መሶቡ ራሱ ነው፤ የስፌቱ ቀለም፣ የክዳኑ ጉልላት። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥ ይከብዳል። ብር ለገበሬ ቤት ቁጠባ ነው። ቁጠባ ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ አብሮ መሸሽ አለበት። በ1977ቱ ድርቅ ከዚህ ሜዳ በላይ፣ ኮረም ላይ፣ ስንት ቤተሰብ እንደፈሰሰ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ቆቦንና ሮቢትን በተደጋጋሚ ረግጧቸዋል። በእንዲህ ያለ አገር መሶብና ጋን ተጥሎ ይሄዳል። ድሪ፣ አልቦና አምባር ግን ከባለቤታቸው ጋር ይሄዳሉ፤ ሲጨንቅም ተመዝነው ይሸጣሉ።

አውሮፓም ብርን የያዘው በቁጠባነት ነው፤ ልዩነቱ ቁጠባውን ገበታው ላይ ማስቀመጡ ነው። የመሳፍንቱ የብር ሳህንና ማሰሮ ለእንግዳ የሚታይ ሀብት ነበር፤ ገንዘብ ሲጠፋም ይቀልጣል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1689 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲያስቸግረው የቬርሳይ ቤተ መንግሥቱን የብር ጠረጴዛ ሳይቀር አቅልጦ ሳንቲም አስመትቶበታል። የእርሱ አንጥረኞች የሠሯቸው ድንቅ ዕቃዎች ዛሬ የሚታወቁት በሥዕልና በመዝገብ ነው። በራያ ድርቅ የተሸጠ ድሪ ግን ሥዕልም መዝገብም የለውም።

የእኛ ብር ከየት መጣ ቢባል አብዛኛው ከጠገራ ነው። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘ፣ ንግሥቲቱ የሞተችበትን 1780 እ.ኤ.አ. እስከ ዛሬ ተሸክሞ የሚመታ ሳንቲም ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ነው። ከሺህ እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ነጋዴው የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥቦች ሳይቆጥር አይቀበለውም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ገበያው ጠገራን አልለቀቀም። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የሳንቲሙን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ መምታቱ ምን ያህል እንደሚፈለግ ያሳያል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ከገበያ ቀስ በቀስ ወጣ፤ ብዙው መንገዱ ወደ አንጥረኛው ማቅለጫ ሆነ። በድሪውና በመስቀሉ ውስጥ ያለው ብር እንዲህ ከቪየና ተነስቶ፣ በቀይ ባሕር አልፎ፣ በጨውና በቡና ንግድ እጅ በእጅ ተላልፎ የመጣ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ብር ከጥንት ጀምሮ ከማዕድ ጋር ተያይዟል፤ ቤተ ክርስቲያን። ጽዋው፣ ጻሕሉና ዕርፈ መስቀሉ የቅዳሴ ማዕድ ዕቃዎች ናቸው። ዕርፈ መስቀል እጀታው በመስቀል የሚያልቅ ማንኪያ ነው። ኢትዮጵያዊ አንጥረኛ ማንኪያ መሥራት አያውቅም የሚል ሰው ካለ መልሱ በየመቅደሱ አለ። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው፣ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ጽዋም ለጎንደር ቁስቋም የተሠራ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የሠሪው ስምም ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ ታውቆለታል፤ ለአገራችን የእጅ ባለሙያ ይህ ብርቅ ዕድል ነው።

ቀንድና ብር

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈው። ዝርፊያውን ለመሸከም 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ጭነቱ ደላንታ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ወታደሮችና መኮንኖች በጨረታ ተከፋፈሉት። መጻሕፍቱና ዘውዱ ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። በዚያ ክምር ውስጥ የመጠጫ ዕቃም እንደነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች ለሐራጅ ቀረቡ። ከነዚያ ውስጥ በመጠን የሚበላለጡ፣ በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ሽያጩን ተቃወመች፤ ዕቃዎቹም ከጨረታው ተነሱ። ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቷቸው፣ ከዘውድ፣ ከጋሻ፣ ከመስቀሎችና ከጸሎት መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ፣ በጷጉሜን 2013 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረከበ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ወር ራያና ወሎ ጦርነት ላይ ስለነበሩ የዋንጫዎቹን መመለስ ልብ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም።

እነዚያ ዋንጫዎች ለዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃዬ ናቸው። የገበታ ብር ከተፈጥሮ ጋር ሲገናኝ እኛ አገር ምን መልክ እንደነበረው ያሳያሉ። የአውሮፓው አንጥረኛ ቀንድ የሚመስል ብር ይሠራል። የእኛው ቀንዱን እንዳለ ትቶ፣ ብሩን በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ አስቀመጠው። ይህ ከድህነት የመጣ አሠራር አይመስለኝም፤ ከንጉሥ አምባ የመጣ ዕቃ ነውና። ቀንዱ በራሱ ውብ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሥራ ነው።

ቀንዱስ? የራያ ከብት ከሰንጋ ዘር ነው፤ ረጅም ቀንድ ያለው፣ ሙቀት የለመደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ትልቁ ያየው የሰንጋ ቀንድ 4 ጫማ ርዝመት፣ ሥሩ ላይ 21 ኢንች ዙሪያ እንደነበረው ጽፏል። በእኛ ልክ 120 ሴንቲሜትር በ53 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ከእርሱ በፊት ጄምስ ብሩስ የቀንዱ ግዝፈት የከብት በሽታ ነው ብሎ ነበር፤ ሶልት ጤነኛውን በሬ በዓይኑ አይቶ ስህተቱን አረመ። ከእንዲህ ያለ ቀንድ ዋንጫ ብቻ ሳይሆን ጠጅ መቅጃም ይወጣል።

ቀንድ በእሳት ሙቀት ይለሳለሳል፤ በዚያን ጊዜ ይቀናል፣ ይሰፋል፣ ይጎብጣል። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ባለሙያው ውስጡን ፍቆ፣ ውጩን አለስልሶ፣ ታቹን በእንጨት ይወትፈዋል። የቀንድ ዋንጫ ድካሙ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከንፈሩ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ቂጡ ነው፤ ውታፉ ሲኮማተር ያንጠባጥባል። ብር የሚገባው እዚህ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ከንፈሩን ዙሪያውን የያዘ የብር ቀለበት ስንጥቁን ያግዳል፤ ታች የተቀመጠ የብር እግር ውታፉን ይይዛል።

ወጪውን አስልቼ አይቼዋለሁ። የአፉ ዙሪያ 24 ሴንቲሜትር የሆነ ዋንጫ፣ 2 ሴንቲሜትር ስፋትና ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብር ከንፈር ቢደረግለት፣ የሚወስደው ብር 25 ግራም ያህል ነው። ይህ ከአንድ ጠገራ ያነሰ ነው። ሙሉ በሙሉ ከብር የሚሠራ መጠጫ ግን 150 ወይም 200 ግራም ሊፈልግ ይችላል፤ ያ ከ5 እስከ 7 ጠገራ ነው። የሻይ ማንኪያ ደግሞ አንዷ ጠገራ ትበቃታለች። እንግዲህ ብር ውድ ነውና የገበታ ዕቃ የሀብታም ነው የሚለው ክርክር በቀንድና በቅል ላይ ሲመጣ ይላላል።

መዶሻው የሚያውቀው

ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። መዳብ ሲቀላቀልበት ከዚያም ዝቅ ይላል። ከሰልና ወናፍ ያለው የገጠር አንጥረኛ እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ አያቅተውም። የቀለጠው ብር ይፈስሳል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረጋል፣ ከዚያ መስፍ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ የመዶሻው ሥራ ይጀምራል።

ብር በተቀጠቀጠ ቁጥር ይጠነክራል። ከልክ ካለፈ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ጥቂት ቀጥቅጦ ወደ እሳት ይመልሰዋል፤ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ሲደርስ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲያወጣ፣ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ብሩ እንደገና ይለሰልሳል። ያንን ደብዛዛ ቀይ በጠራራ ፀሐይ ማየት አይቻልም፤ የአንጥረኛ ቤት ጨለምለም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጠፍጣፋ ቆርጦ አንድ ጽዋ ለማንሳት ይህ መመላለስ ብዙ ዙር ይፈጃል። በእያንዳንዱ ዙር የመዳቡ እጅ በእሳቱ ይጠቁራል፤ ያን ጥቁረት እንደ ሎሚና ሁመር ያለ ኮምጣጣ ነገር ያነሳዋል። ሁመር ደግሞ የቆላ ዛፍ ነው።

ሌላው ጥበብ ጠብታ ነው። ትንሽ የብር ቁራጭ ከሰል ላይ ሲቀልጥ ራሱን ሰብስቦ ክብ ይሆናል። አንጥረኛው የጤፍ ፍሬ እስከሚያክል ድረስ ያሳንሰዋል፤ ከዚያ በቦራክስና በብየዳ ጌጡ ላይ ይደረድረዋል። ቀጭን ሽቦ ገምዶ የሚሠራው ፊልግራንም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። የድሪውን ፍሬ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫውን ጫፍ፣ የመስቀሉን ዳር ያየ ሰው ይህ እጅ የማሽላ ራስ መሥራት የሚችል እጅ መሆኑን አይጠራጠርም። የማሽላ ራስ ምንድን ነው? በዘንግ ዙሪያ የተደረደረ ክብ ፍሬ ነው። ደጋሌትና ጅጉርቴ የሚባሉት የቆቦ ማሽላዎች ፍሬ አቀማመጣቸው ይለያያል፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ በብር ማውጣት የሚችለው ማሳውን የሚያውቅ አንጥረኛ ነው። ከኮፐንሃገን የመጣ ሊቅ ያን ልዩነት አያየውም።

ኮፐንሃገንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጌኦርግ ዬንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በዚያች ከተማ በ1904 እ.ኤ.አ. ትንሽ የብር ቤት ከፈተ። ወርቅ ሠሪነት የተማረ፣ በኋላም ቅርጻ ቅርጽ ያጠና ሰው ነበር። በዓመቱ የሠራው የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳኑ ላይ የማግኖሊያ አበባ ነበረው። የመዶሻውን ምልክት ለማጥፋት አልደከመም፤ ብሩ ላይ እንዲታይ ተወው። ከዚያ የወይን ዘለላ፣ ቡቃያ፣ ቅጠል ተከታተለ። ዓለም ያወቀው የአገሩን አትክልት በማንኪያ እጀታ ላይ በማስቀመጡ ነው። በዘመናችን ደግሞ ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱዙኪ አለ። እርሱ አበባ አይለጥፍም። ጠፍጣፋውን ብር በመዶሻ ብቻ እያነሳ ገንቦውን ራሱን የውሃ እንቅስቃሴ ያስመስለዋል፤ ማዕበል የተላለፈበት ይመስላል። ሁለቱ ሰዎች ሁለት መንገድ ያሳያሉ፤ ተፈጥሮን በዕቃው ላይ ማስቀመጥና ዕቃውን ራሱን ተፈጥሮ ማድረግ።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም አፍሪካዊ ነው። የዛሬዋ ጋና ውስጥ ያሉ የአካን ሕዝቦች የወርቅ መመዘኛቸውን ከነሐስ ሲሠሩ ጥንዚዛ፣ ኦቾሎኒና የዛፍ ፍሬ ይወስዱና በጭቃ ይለብጡታል። ጭቃው ሲተኮስ ውስጡ ያለው ይነድዳል፤ ባዶ ቦታው ላይ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ጥንዚዛው ከነእግሩ ነሐስ ሆኖ ይወጣል። የእኛ መስቀል ሠሪዎችም በሰም ቀርጸው በጭቃ ለብጠው ማፍሰስን ያውቁበታል። ሰሙን በግራር ፍሬ ቢተኩትስ? ጠመዝማዛው የግራር ቆባ፣ ከነእብጠቱ፣ የማንኪያ እጀታ ይሆናል። ማንም አይቀርጸውም፤ የሮቢት ዳር ዛፍ የቀረጸው ነው።

እዚህ ላይ ግን ለብር የማይሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዕቃው ውብ ሆኖ የማይጠቅም ይሆናል። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀት በማስተላለፍ አንደኛ ነው። ትኩስ ቡና የተቀዳበት የብር ስኒ ጣትንም ከንፈርንም ያቃጥላል። የአውሮፓ የብር ማንቆርቆሪያዎች እጀታቸው እንጨት ወይም የዝሆን ጥርስ የሆነው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ያን ቦታ ቀንድ ይሞላዋል፤ ቀንድ ሙቀት እምብዛም አያስተላልፍም። ቡናችን በሸክላ ጀበናና በሸክላ ስኒ እንዲቀጥል እመኛለሁ፤ የብሩ ቦታ የስኳር ማንኪያዋና የረከቦቱ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ድኝ ነው። ብር የሚጠቁረው አየርና ምግብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። የእንቁላል አስኳል የብር ማንኪያን ወዲያው ያጠቁራል፤ ሽንኩርትም የድኝ ውሕድ አለው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርትና እንቁላል ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት የዚህ አካባቢ ኩራት ቢሆንም ለብር ሳህን አይሆንም። ጨውም ብርን ይበላዋል፤ ስለዚህ የብር ጨው ማስቀመጫ ውስጡ ሌላ ነገር መለበጥ አለበት። ትንሽ ቅል ውስጡ ቢቀመጥ ችግሩ ይፈታል። እንግዲህ የራያ የገበታ ብር የሚያምርበት ውሃ፣ ወተት፣ ጠላ፣ ጠጅና ማር ላይ ነው። ብር ከንፈር ያለው የወተት ቅል፣ የቅል ቅርጽ ይዞ ከብር የተነሳ የውሃ መጠጫ፣ የግራር ቆባ እጀታ ያላት የማር ማንኪያ፣ የማሽላ ራስ ጉልላት የሆነለት የመሶብ ክዳን። መሶቡ ከስንደዶ ይቀጥላል፤ ጉልላቱ ብቻ ብር ይሆናል።

ማን ይሥራው?

አንጥረኛ በአገራችን ለረጅም ዘመን ተንቆ ኖሯል። ጠይብ፣ ቡዳ ተብሏል፤ በሥራው ያጌጠ ሰው አብሮት አልበላም፣ ልጁን አልዳረለትም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክልና ተሳዳቢውን የሚቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ቢቀንስም ውጤቱ ይታያል፤ ልጆቹ ሙያውን ሸሽተዋል፣ የቀሩትም ስማቸውን ዕቃው ላይ አያሳርፉም። ዬንሰን የብር ቤቱን ስም በየማንኪያው ጀርባ መትቷል። የእኛ ድሪ ሠሪ ማን እንደሆነ ባለድሪዋ እንኳ አታውቅም። ገበታ ላይ የሚወጣ አዲስ ሥራ ከተጀመረ የመጀመሪያው ማሻሻያ ይህ ይሁን፤ የሠሪው ስምና የሠራበት ቦታ ዕቃው ላይ ይመታ።

ከስሙ ጋር የብሩ ልክም ይመታ። እንግሊዝ ውስጥ የብር ዕቃ ከሺህ እጅ 925 ንጹሕ እንዲሆንና እንዲታተምበት የተደነገገው በ1300 እ.ኤ.አ. ነው። ገዢው የሚያምነው ያን ምልክት አይቶ ነው። እኛ ገበያ ውስጥ ብር ተብሎ ከሚሸጠው ጌጥ ውስጥ የጀርመን ብር የሚባለው አለ፤ እርሱ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፣ ውስጡ አንዲት ግራም ብር የለም። ለአንገት ጌጥ ይህ ማታለል ነው። ለምግብ ዕቃ ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ ሰው ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ነገር ከምን እንደተሠራ የማወቅ መብት አለው።

ብሩን ከየት እናምጣ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ያለውን አሮጌ ጌጥ ወደ ማቅለጥ እንዳይወስደን እፈራለሁ። ድሪው ራሱ ቅርስ ነው። አሮጌ ድሪ አቅልጦ አዲስ ማንኪያ መሥራት ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ያደረገውን መድገም ነው። ለመቅለጥ የሚሆነው ጠገራው ነው፤ ጠገራ በሚሊዮኖች ተመትቷል፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። የድሪው ሠሪ እጅ ግን አንድ ጊዜ ከቀለጠ አይመለስም።

የቀንድ ሠሪውና የብር ሠሪው ዛሬ ተለያይተው ይሠራሉ፤ አንዱ ለቱሪስት ዋንጫ፣ ሌላው ለሙሽራ ጌጥ። አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ትእዛዝ ብቻ ነው። ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ፣ ለእንግዳው የተለየ ነገር ማቅረብ የሚፈልግ ሆቴል፣ ስጦታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ከውጭ የመጣ የብርጭቆ ስብስብ ከመግዛቱ በፊት አንድ ቀንድና አንድ ጠገራ ይዞ ወደ ሁለቱ ይሂድ። የሙያ ኮሌጆችም የብር ሥራን ከጌጣጌጥ ባሻገር እንዲያስተምሩ መጠየቅ አለባቸው፤ ጽዋ ማንሳት ቀለበት ከመሥራት የተለየ ትምህርት ነው።

ከመቅደላ የተመለሱትን ዋንጫዎች ለያዙት ወገኖች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለጎብኚ ብቻ አታሳዩአቸው። የወሎን፣ የጎንደርን፣ የአክሱምን አንጥረኞችና የቀንድ ባለሙያዎች ጥሯቸው፤ ዋንጫዎቹን በቅርብ ይዩ፣ ከንፈሩ እንዴት እንደተያያዘ ይመርምሩ፣ ልኩን ይውሰዱ። አንቺም አንባቢ፣ አንተም አንባቢ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ድሪ ካላቸው፣ ሳይሸጥ ወይም ሳይቀልጥ ፎቶ አንሱት፣ መዝኑት፣ ማን እንደሠራው ጠይቁና ጻፉት።